ሳትነካ የምታየው ጫልቱ

እኛ ነቀምቴዎች ቲማቲም እንኳ ጫን ጫን ሳናደርግ አንገዛም። ሳይነካ የሚያይ ሰውስ ገጥሟችሁ ያውቃል? የጥንት ሥዕል የምትመረምረው የከተማችን ልጅ ጫልቱ እንዲህ ናት።

ሲሬ አጠገብ ያሉ ሰፋሪዎች ከወሎ ይዘውት የመጡት የማርያም ሥዕል ግማሹ በጥላሸት ጠቁሮ፣ በላዩ አዲስ ሊሣልበት ነበር።

«ልጄ፣ ሳትፍቂው ምን ይታይሻል?» አሏት የሰፋሪዎቹ ቄስ።

«ጥቂት ይታገሡኝ፣ አባ» ብላ ጥላሸት አልፎ የሚያይ ካሜራዋን ደገነች። አብረናት የሄድነው እኛም ጨረቃ ላይ ሰው የምናወጣ ይመስል ትንፋሻችንን ዋጥን። ስክሪኑ ላይ ከማርያም እግር ሥር የተንበረከከች ሴት ከነስሟ ብቅ አለች።

«ሥዕሉን ያሠራችው አያቴ ናት!» አሉ ቄሱ። «እናቴ ስትነግረኝ ተረት ይመስለኝ ነበር። በሉ፣ ማንም እንዳይቀባው!»

ሥዕሉን ሊዳስሱ እጃቸውን ዘረጉና ተዉት። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ተሳለሙ። ዕቃዋን ማንንም የማታስነካው ጫልቱ ስክሪኑን ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው።