የየሺ አመድ

ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው እናንተስ ሰፈር አለ? የጣለውን ሌላ ሰው ሲያነሣው፣ ያን ጊዜ ንብረቱ መሆኑ ትዝ የሚለው! መዞር አመሌ ነውና ከደብረ ታቦር እስከ ይፋግ ስመላለስ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ ጎረቤቴ እንደ የሺ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ዘንድሮ ጎመኔ ቢጫ ሆኖ አላድግ አለ። ከሥሩ አመድ ቢነሰነስለት እንደሚያገግም አውቃለሁ፤ የአንዲት አሮጊት ምድጃ ግን ስንት አመድ ይወጣዋል? የሺ ጠላ ጠምቃ ሻጭ ናት፤ አመዷን በየማለዳው መንገድ ላይ እየደፋች ለአላፊ አግዳሚው ዓይን ታቀብላለች። ቅርጫቴን ይዤ ሄድኩ።

«ምን ነካዎት እማማ? አመድ ለሰው መስጠት የቤት ረድኤት ያስወጣል!» አለችኝ።

«መንገድ ላይ ስትደፊውስ?»

«እሱማ መጣል ነው እንጂ መስጠት መቼ ሆነ?»

እስቲ ፍረዱኝ! እኔም በማግስቱ ከመንገዱ ላይ ዝቄ ወሰድኩት። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ሰበሰበችብኝ! ለአመድ! ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ነገሩን እንደ ርስት ክርክር ከግራ ከቀኝ ሰምተው፣ «ይመልሱላት» ብለው ፈረዱ።

«ጎመኑ በልቶታል፤ ከሱ ትቀበል» አልኳቸው።

እነሱም ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። ጎመኑ ለምልሞ ሲደርስ፣ «ረድኤትሽ ይኸው ተመለሰልሽ» ብዬ አንድ ትልቅ እስር ላኩላት። እሱንማ ምን ሲደረግ ትመልሰው! ቀቅላ በላችው።

የቀቀለችበትን አመድ ግን በማግስቱ እዚያው መንገድ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት።