ሊቀ ኪስ ዌንደል

ሽጉጥ በሚሸጥበት አገር ሁሉ አንድ የማይገዛ ደንበኛ አለ። ሱቁ ሳይከፈት ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ ለመጣው ሁሉ ይመርጣል፣ ለራሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ አይመርጥም። ያለ እሱ ሱቁ ሱቅ አይመስልም፤ በእሱ ምክንያት ደግሞ ሱቁ ገበያ የለውም። ለቨርና የደረሳት ዌንደል ነው።

ቨርና ምዕራብ ኦክላሆማ ውስጥ፣ ከነዳጅ ማደያው ጎን፣ የጦር መሣሪያና የዓሣ ማጥመጃ ትሸጣለች። ዌንደል ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ባንኮኒው ፊት ያለችውን በርጩማ ወርሷታል። ሰው ሸሽጎ የሚይዛት ትንሽ ሽጉጥ ሊገዛ ሲመጣ፣ ቨርና አፏን ሳትከፍት ክቡር ሊቀ ኪስ ዌንደል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"መጀመሪያ ኪስህን አሳየኝ።"

ሌላው ሰው ሽጉጧን ያያል፤ ዌንደል የሚያየው ሱሪውን ነው። በቀደም አንድ ባል ለሚስቱ ልደት በአሉሚኒየም የተሠራችውን፣ ከሁሉ ቀላሏን አምስት ጎራሽ መረጠ።

"ጎሽ! ላባ ናት" አለው ዌንደል። "ኪስ ውስጥ መኖሯም አይታወቅ። ስትተኮስ ግን እንደ በቅሎ ነው የምትራገጠው። ሚስትህ አንዴ ትተኩስና ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ትቀብራታለች። ለመሆኑ ሱሪዋ ኪስ አለው?"

ባልየው አሰበ፣ አሰበ። "እንጃ።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን አብረሃት ኖረህ ኪሷን አታውቅም?"

ሰውየው አበባ ሊገዛ ወጣ። ቨርና ጥርሷን ነከሰች።

የከተማው ፓስተርም ከዌንደል እጅ አላመለጡም። እሳቸው የወደዷት ጥይቱን የሚመታው መምቻዋ ከኋላ ብቅ ያለ፣ የካውቦይ ፊልም ላይ የምትታይ ዓይነት ነበረች። ዌንደል ከፍቶ ባዶ መሆኗን አየ፤ ቨርናም አየች፣ ፓስተሩም አዩ። እዚያ ቤት ያለዚህ ማንም ለማንም ሽጉጥ አያቀብልም።

"ኮትዎ ኪስ ውስጥ ይክተቷትና ቶሎ ያውጧት" አላቸው።

ፓስተሩ ላጥ አደረጓት። መምቻዋ የኪሱን ገበር ነክሶ ኖሮ ሽጉጧ ከነገበሩ፣ ከነመሐረቡና ከእፍኝ ከረሜላ ጋር ወጣች።

"እስኪጨርሱ ሌባው ከረሜላውን በልቶ ይሄዳል፣ ፓስተር" አለ ዌንደል በሐዘኔታ።

ቨርናን የሚያቃጥላት ይሄ ሁሉ ዕውቀት ለባለቤቱ አለመጥቀሙ ነው። ዌንደል ራሱ በሁለት ሽጉጦች መሃል ከተቀረቀረ ዓመታት አልፈዋል። አንደኛዋ መምቻዋ የተሸፈነ፣ ቀላል ናት። ሁለተኛዋ ድፍን ብረት፣ ፋብሪካው መሥራት ያቆማት የድሮ ሥሪት ናት። ዓርብ ዓርብ ሁለቱንም ያስወጣና ባዷቸውን ግራ ኪሱና ቀኝ ኪሱ ከቶ ባንኮኒው ፊት ይንጎራደዳል።

"ይቺ ጣቴን ታሳምመኛለች፣ ያቺ ሱሪዬን ታወርድብኛለች።"

"ቀበቶ ግዛ!"

"አይቸኮልበትም፣ ቨርና። ዓርብ እወስናለሁ።"

"ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?"

"የሚመጣው ዓርብ።"

በርጩማዋን መጋዘን ልትደብቃት ስንቴ ምላለች!

ባለፈው ዓርብ ዌንደል እንደ ወትሮው ማልዶ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ለገጠር ቤቶች ጋዝ የሚያከፋፍለው ሮስኮ ቀደመውና ቀጥ ብሎ ድፍን ብረቷን ጠቆመ። ቨርና ከፍታ አሳይታ ሰጠችው። ይሄኔ በሩ ተከፈተ። ዌንደል ብረቷን በሰው እጅ ሲያያት ባርኔጣውን ማውለቅ ረሳ። በርጩማው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

ቨርና አየችው። ያቺ ከሄደች የሚመረጥ ነገር የለም፤ የሚመረጥ ከሌለ ዓርብ የለም። ይሄ ሰውዬ ባዶ ቤት ተቀምጦ ለማን ሊያወራ ነው? እርግጥ ዌንደልን አንድ ቃል ይበቃው ነበር። "አትሆንህም" ቢለው ሮስኮ ትቷት ይሄዳል።

ዌንደል ጉሮሮውን ጠረገ። "እስቲ ኪስህን አሳየኝ፣ ልጄ።"

ሮስኮ አሳየው። ወፍራም የሥራ ሱሪ ነው፤ ኪሱ ጥልቅ፣ ከላይም በትከሻ ማንጠልጠያ የተያዘ። ዌንደል ኪሱን አይቶ አልጠግብ አለ። እሱ በኪስ ጉዳይ መዋሸት አይሆንለትም።

"ውሰዳት" አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ለዚህ ኪስ ከሷ ሌላ የለም።"

"በቃ፣ የግዢውን ወረቀት እንጀምር" አለ ሮስኮ።

"ተሸጣለች" አለች ቨርና።

"ምን? አሁን አይደል እንዴ ያቀበልሽኝ!"

"ቃል የገባሁለት ሰው አለ። ዘንግቼው ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ።"

ሮስኮ እያጉረመረመ አንድ ጣሳ የዓሣ ማጥመጃ ትል ገዝቶ ወጣ። ቨርና ብረቷን ከመስታወቱ ሥር ወደ ቦታዋ መለሰቻት። አሁን የተቆጣው ዌንደል ነው።

"ለማን ነው የሸጥሻት? ኪሱን አይቼለታለሁ?"

"ደህና ኪስ አለው።"

"ማነው ይሄ ደንቆሮ? ቀላሏን መውሰድ ነበረበት!"

ቨርና ቀላሏን አውጥታ፣ ከፍታ አሳይታ ፊቱ አስቀመጠችለት። "እንግዲያው ወሰንክ። ወረቀቱን ልጀምርልህ?"

ዌንደል ቀላሏን አየ። ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ብረቷን አየ። ከዚያ ቨርናን ቀና ብሎ አያት።

"ሰውየው መቼ ነው የሚወስዳት?"

"ዓርብ" አለች ቨርና።

ዌንደል ባርኔጣውን አወለቀና በርጩማው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

"የሚመጣው ዓርብ ነዋ?"

"አዎ፣ የሚመጣው።"