ልጆቿን ለደቦ የጠራች እናት

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ዥንጉርጉሩን ምን እናድርገው የሚለውን ግን ተረቱ ለእኛው ትቶታል። ደግሞስ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል፣ ድሩን ምን እንዲያብር አደረገው ብሎ የጠየቀ አለ? እኔን ብትጠይቁኝ አንበሳው ነው። አንበሳ ባይመጣ ኖሮ ድሩ ጥግ ጥጉን ይዞ እርስ በርሱ ሲጠላለፍ ይኖር ነበር። ወንድምና እህት በምክር ይፋቀራሉ የሚል ሰው እሰማለሁ። ምክር የሚሰማ ወንድም ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አውሱኝ።

እኛ ሦስት ነን። ታላቃችን ሁሴን ከከሚሴ ዝቅ ብሎ ጨፋ ሜዳ ላይ ያርሳል። ከድር ሰንበቴ ገበያ ከብት ይነግዳል፤ ከግመል ጋር እንኳ ተከራክሮ የሚረታ ሰው ነው። እኔ ትንሿ ከሚሴ ከተማ አስተምራለሁ። አባታችን ሲሞት መሬቱን ተካፈልን፤ ለእማ ቤቷ አጠገብ ያለው የታችኛው ማሳ ደረሳት።

ሞባይል ገና ወደ ከተማችን የገባ ሰሞን፣ ክረምቱ በረታና ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሜዳችንን አጥለቀለቀው። የጨፋ ጥቁር አፈር ውሃ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሁሴን የራሱን ድርሻ ለማዳን ቦይ ቆፈረ፤ ውሃው ወደ ከድር ወረደ። ከድር ሰው ቀጥሮ ሌላ ቦይ አስቆፈረ፤ ወደ እኔ ወረደ። እኔስ የተማርኩ አይደለሁ? ከሁለቱም የጠለቀ አስቆፈርኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! ሦስታችንም በየማሳችን ኮራን፣ እርስ በርሳችን ተኮራረፍን። ውሃው ግን ማኩረፍ አያውቅም፤ ተሰብስቦ ሄዶ የእማ ጤፍ ላይ ተኛ።

ነገሩ የጤፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «እኔ ዘንድ ኑሪ» ብለን ሦስታችንም ለምነናት ነበር። መልሷ አንድ ነው፦ «ወላሂ በልጆቼ ቤት ስዞር እንግዳ ሆኜ አልሞትም። የራሴን አሳርሼ፣ እናንተን እኔው ቤት ነው የማበላችሁ።» ጤፉ ከበሰበሰ ያ ቃሏም አብሮት መበስበሱ ነው።

ታዲያ እማ ምን አደረገች? አልተቆጣችም፣ ሽማግሌም አልላከችም። ደቦ ጠራች። በእኛ አገር ደቦ በአማርኛውም በኦሮምኛውም ያው ደቦ ነው። ጉልበት ያነሰው ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፣ አብልቶ አጠጥቶ ያሠራል። ልጅ ግን ለእናቱ ሥራ አይጠራም፤ ሳይጠራ ይመጣል እንጂ። እማ የሰፈሩን ቅሬ፣ ማለት የእድራችንን ጠሪ፣ ያንኑ ሁልጊዜ መርዶ የሚነግረንን ሰውዬ፣ በየደጃችን ሰደደችው። ከጎረቤቶቼ ጋር ቆሜ ሳየው ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ለባዕድ እንደሚናገር ሰው፣ «ወይዘሮ ፋጡማ ለአላህ ብላችሁ ማክሰኞ በደቦ እርዱኝ ብለዋል» አለኝ። ሞት በተሻለኝ! ከድርንም ሰንበቴ ድረስ ሄዶ በበሬ ሻጭና በገዢ መሀል ነገረው። ከድር ያን ቀን ዋጋ ሳይከራከር ተገበያየ።

ማክሰኞ ጧት ከጎረቤት ሁሉ ቀድመን ዶማ ይዘን ተገኘን። እማ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«አከም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ እንግዶቼ?»

የሁሴን ዓይን እንባ አቀረረ። «እማ፣ እኔን እንግዳ?»

«ደቦ የመጣ ሁሉ እንግዳዬ ነው፣ ልጄ። ቂጣውም ደርሷል፣ የምትጠጡት ቡቅሪም አለ። መጀመሪያ ግን ውሃዬን አውጡልኝ።»

የየግል ቦዮቻችንን ደፍነን አንድ ትልቅ ቦይ መቆፈር ያዝን። ከጠመኔ ሌላ የማያውቀው እጄ ተላጠ። ዝናቡ ወረደብን፤ አላቆምንም። ከድር ዶማውን ጥሎ ቁጭ ሲል ሁሴን «ተነስ፣ ይቺ ሴት ዛሬ ጤፏን ታያለች!» ብሎ ጮኸበት። ከድርም ተነሳ። ከኩርፊያቸው ወዲህ ወንድሞቼ መጀመሪያ የተነጋገሩት ይህንኑ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሰዓት ሁለቱንም በጣም ወደድኳቸው። ማምሻውን ጤፉ ከውሃው ውስጥ ብቅ አለ።

በማግስቱ እማ ቤት ሰብሰብ ብለን፣ ቡቅሪያችንን እየጠጣን አንድነታችንን እናደንቃለን። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ለካ ውሃው የት እንደገባ ከመሀላችን ያሰበ አልነበረም። ከእማ ማሳ በታች የሚያርሱት የአባ ሰይድ ልጆች ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። እነዚህ ወንድማማቾች፣ እወቁልኝ፣ በአባታቸው ጀናዛ ሶላት ላይ እንኳ ተራርቀው የቆሙ ናቸው። ደቦውንም የቀሩት አንዱ ካለበት ሌላው ስለማይደርስ ነበር። አሁን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ ድምፅ «ማሳችንን አሰመጣችሁት!» አሉን።

ከድር ለክርክር ጉሮሮውን ጠረገ። እማ ግን ቀደመችው፤ ጎረቤቶቿን ከታላቅ እስከ ታናሽ አየቻቸው፣ ፊቷም በራ።

«አልሀምዱሊላህ፣ እነዚህም ታረቁ!» አለች። «ኮታ፣ ኑ ግቡ፣ ቂጣ ቅመሱ።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «እናንተስ ምን ያስቀምጣችኋል? ቦያችሁ ቦርከና ወንዝ እስኪደርስ ገና ብዙ ይቀራል።»

ዶማችንን አነሳን።