የማዶ ጭስና የዒድ ጨረቃ

ጎረቤት የሚጣላው በወሰን ድንጋይ ነው፤ መንግሥታትም ቢሆኑ ከዚህ አይርቁም። ድንጋዩን ተክለው፣ ዘብ አቁመው፣ ይለፍ አሳትመው ሲያበቁ ጭስ ይመጣና የዘቡን ዓይን አስለቅሶ ያልፋል። አሁን አሁን አገሮች «ጭስህን ሰብስብ» እየተባባሉ ይካሰሳሉ ሲባል ስሰማ ፈገግ እላለሁ። እኛ የቀወት ሰዎች ይህን ክስ ድሮ ሞክረነው ተረትተናል።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ወንዙን ወሰን አድርገው ለሁለት ሹም አካፍለውን ነበር፤ ያለ ይለፍ መሻገር ያስገርፋል። የማዶው ሹም አርበኛ እንዳይሸምቅበት ብሎ የመንገዱን ዳር ጫካ ያቃጥል ጀመር። እሳቱ የእሱ፣ ጭሱ የእኛ። ሽማግሌዎቻችን ለወዲህኛው ሹም ቢያመለክቱ «ከወንዙ ማዶ አላዝም» አለ። የማዶው ደግሞ «እኔ ያነደድኩት በግዛቴ ነው፤ ያመጣባችሁን ነፋስ ክሰሱ» ብሎ ላከብን። ነፋስን ማን ችሎት ያቀርበዋል?

ሳሉንስ እንችለው ነበር። የቸገረን ረመዳን ነው። ጾሙ የሚፈታው አዲሷ ጨረቃ በዓይን ስትታይ ነው፤ የምትታየው ደግሞ በምዕራብ፣ በጣርማ በር አፋፍ ላይ፣ ጭሱ በሚጋደምበት በኩል። ጨረቃ የማየቱ ክብር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የአጎቴ የሼህ ሰዒድ ወገን ነበር፤ እሳቸው «አየሁ» ሳይሉ አገሩ ጾም አይፈታም። በዚያ ዓመት ቢያዩ ቢያዩ «ጭሱ ከለከለኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛም አላየንም። ለካ ማዶዎቹ አይተዋት ኖሮ፣ በማግስቱ እኛ ስንጾም እነሱ ዒድ አድርገዋል። ጭሱ ሲሻገር ወሬው ይለፍ አጥቶ ቀረ።

በዓመቱ የሚቃጠል ጫካ አለቀና ሰማዩ ጠራ። በረመዳን ሃያ ዘጠነኛ ቀን ማምሻ መስጊዱ ደጃፍ ተሰበሰብን። ጨረቃዋ አፋፉ ላይ ጉብ ብላለች፤ ቀጭን ብትሆንም ሁላችንም አየናት። አጎቴ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጡ ግንባራቸውን በእጃቸው ጋርደው ብዙ ቆዩ።

«ዘንድሮም ይኼ ጭስ አልለቀቀንም» አሉ።

ለካ ዓይናቸው ደክሞ ኖሯል፣ እኛም ሳናውቅ። እንግዲህ አስቡት፤ ዝም ብንል ነገ በዒድ ቀን ልንጾም ነው፣ ይህ ሐራም ነው። ብንናገር የዕድሜ ልክ ክብራቸውን በአደባባይ ልንገፍፋቸው ነው።

ጎረቤታችን ይመር፣ ቀልደኛ ነውና ማንም ቁም ነገር የማይጠብቅበት ሰው፣ ሹልክ ብሎ በመስጊዱ ጀርባ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ በወንዙ በኩል እያለከለከ መጣ።

«ሼህ ሰዒድ፣ ከማዶ መምጣቴ ነው። እዚያ ጭስ የለም፤ ጨረቃ ታይታለች።»

«አንተ በዓይንህ አይተሃታል?»

«ወላሂ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

መሐላው እውነት ነው፤ የዋሸው መንገዱን ብቻ ነው። አጎቴ እጃቸውን ሰደድ አድርገው የይመርን ሽርጥ ጫፍ ዳበሱ። ወንዙ በዚያ ወር ከጉልበት በላይ ነው። ሽርጡ ግን ደረቅ ነበር።

«ወንዙ ጎድሏል ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ጎድሏል፣ ጋሼ» አልን ሁላችንም ባንድ አፍ።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ነገ ዒድ ነው።» የይመርን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። «ከእንግዲህ ጨረቃ የሚያይልን ይመር ይሁን። የእሱ ዓይን ማዶ ድረስ ይደርሳል።»