ጋሼ አምሃ እና አራቱ ዓምዶች

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። በባዕድ አገር፣ ሬይኖልድስበርግ ከተማ በምትገኘው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ከባድ አገልግሎት የተሸከሙት፣ ኢስተን ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ በጥገና የሚሠሩት ጋሼ አምሃ ናቸው። የሕንፃ ኮሚቴው ጸሐፊ ፋናዬ በልቧ «ፕሮፌሰር ፍርስራሽ» ትላቸዋለች።

እውቀታቸው አንድ ነው፤ ማለቂያ ግን የለውም። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ የታተሙ፣ የጥንት ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ የሚያሳዩ ሥዕሎችን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ይለቅማሉ። ለቅሶ ቤትም ይሁን ፓርኪንግ፣ ዓምድ ካዩ አለቀ። «ግንበኛው ግሪክን የት ያውቃል? ሥዕሉን አይቶ ነው የቀዳው» ይላሉ። እዚያው አቅራቢያ ባለችው ደብሊን ከተማ በነበረ አንድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ዓምድ ተደግፈው ፎቶ ሲነሱ መካከላቸው ገብተው ስለ ዓምዱ አናት አሠራር አስረድተዋል።

በፈረንጆቹ 2021 ቤተ ክርስቲያኗ የተዘጋ የባንክ ሕንፃ ገዛች። ከፊቱ ለጌጥ የቆሙ አራት ዓምዶች ነበሩት። አንዳንዶች «የጣዖት ቤት ያስመስለዋል፤ ይፍረሱ» አሉ። ጋሼ አምሃ ከሥዕሎቻቸው አንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ስብሰባው ላይ ተገኙ።

«እዩት፤ ባንኩ ቁርጥ ይሄን ነው። ከዚህ ነው የተቀዳው።»

ፓስተር አንድርያስ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱ። «ታዲያ ሥዕሉ ላይ ያለው የማን ቤት ነው፣ ጋሼ አምሃ?»

ጋሼ አምሃ መዋሸት አይችሉበትም። «የጣዖት» አሉ።

በአሥራ አንድ ድምፅ እንዲፈርሱ ተወሰነ። የተቃወሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሳቸው፣ ሌላዋ ፋናዬ። እጇን ለምን እንዳወጣች ለራሷም አልገባትም።

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ በዚያ አለፈች። ሁለቱ ዓምዶች ወድቀዋል፤ ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ናቸው። ጋሼ አምሃ ከመንገዱ ማዶ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ፍርስራሹን በእርሳስ ይስላሉ።

«አዘኑ፣ ጋሼ?»

«ሥራ ላይ ነኝ። እስቲ ሄደሽ አጥሩ ጋ ቁሚልኝ። ሰው ካልቆመበት ትልቅነቱ አይታወቅም።»

ፋናዬ አረጋውያን የምትንከባከብበትን የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ፀሐይ ላይ ቆመች። አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ እሳቸውም ከማዶ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አርባውንም ደቂቃ አስረዱ። በመጨረሻ ወረቀቱን አሳዩዋት። ከወደቀው ድንጋይ አጠገብ፣ የእህል ፍሬ የምታክል ሴት ባጇን አንጠልጥላ ቆማለች።

«ሰኞ የቀሩትን ሁለቱን ያፈርሳሉ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ሥራ ትገቢያለሽ?»

«ሰኞ ኦፍ ነኝ» አለቻቸው።

ኦፍ አልነበረችም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሱፐርቫይዘሯን ኮል አደረገች።