«አላውቅም» ማለት የሚያንቀው ባለሙያ

አንባቢ ሆይ፣ «አላውቅም» ከሚሉ ምላሳቸውን ቢቆርጡት የሚመርጡ ባለሙያዎች ገጥመውዎት ያውቃሉ? በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ መካኒሳ አቦ በነበረው መሥሪያ ቤታችን፣ እንዲህ ያለው የኮምፒዩተር ባለሙያ እኔ ነበርኩ።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ አልማዝ በቃላቸው የያዟቸውን የሟች ባለቤታቸውን ግጥሞች፣ ሳይረሷቸው፣ ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም በሚሠራው የቢሮው ኮምፒዩተር ጽፈው አስቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ግጥሞቹ ያሉበት ማህደር አልከፈት አላቸው። «ፈቃድ የለዎትም» ይላል ኮምፒዩተሩ።

ኮስተር ብዬ አየሁት። «ዲስኩ ተበላሽቷል። ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው።»

«ግጥሞቹስ ልጄ?»

«እነሱማ አብረው ሄደዋል።»

አጠፋሁት። በወሩ አንድ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነገሩ ገባኝ፤ ዲስኩ ደህና ነበር። ማህደሩ በስህተት በሌላ ሠራተኛ ስም ተመዝግቦ ኖሮ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ይከፍተው ነበር። ሄጄ ነገርኳቸው። «እስቲ አንዷን ግጥም በቃሌ ልሞክር፣ ጻፍልኝ» አሉኝ። ሁለት ስንኝ ብለው ሦስተኛው ጠፋባቸው።