ሞተሩ ምን በደለ?

ሞተር ያለበት ሰፈር ሁሉ፣ ከሰው ይልቅ ብረት የሚያዳምጥ አንድ ሰው አያጣም። የእኛው ክቡርነታቸው ጋሽ ሞገድ ይባላሉ። የካቻቪቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ፍርዳቸው አንድ ነው፦ «ሞተሩ ምን በደለ? የቀረበለትን በላ!»

አንዴ በሰፈር ስብሰባ መሀል የጣሪያውን ማራገቢያ ሰምተው «የኤሌክትሪኩ ሞገድ ተበላሽቷል» ቢሉ፣ ሰብሳቢው ንግግሩን ሳይጨርስ ሰው እሳት ሊነሳ ነው ብሎ ተበተነ። ሰብሳቢው እስከ ዛሬ አኩርፏቸዋል።

እኔም ስቄባቸዋለሁ፤ የእህቴ ዳቦ ቤት እስኪቸገር ድረስ። ሊጥ ማቡኪያዋ በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር በሚዞር ሞተር ነው የሚሠራው። ሞተሩን መርጬ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ተቃጠለ። ሌላ አመጣሁ፤ እሱም ተቃጠለ። «አንተ እያለህ ጠላት ምን ያደርግልኛል!» ብላ ዘጋችኝ። ሦስተኛ ገጠምንላት፤ እሱም ከነደደ ዳቦ ቤቱም መዘጋቱ ነው።

ቢቸግረኝ ጠራኋቸው፤ ጋሽ ሞገድ በጠዋት መጥተው ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሞተሩ በሰላም ሲዞር ቆየ። ረፋዱ ላይ ድምፁ ሻከረ፤ ብነካው እጄን ለበለበኝ።

«ጎረቤት ምን ተነሳ?» አሉ።

የብረታ ብረቱ ቤት ባለ ፍጥነት መቆጣጠሪያ አዲስ ማሽኑን አስነስቶ ነበር።

«በቃ! ያ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ነው የሚጎርሰው። የተቦጫጨቀው ሞገድ ለዚህ ይደርሰዋል። ሦስቱ መስመሮች ዥዋዥዌ የሚገፉ ሦስት ልጆች ናቸው በሉ። በየተራቸው ለስለስ አድርገው ከገፉ ይሄዳል። መሀል ላይ ወደኋላ የሚገፋ ከገባ ግን ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።»

«ታዲያ ሞተሩ?» አለች እህቴ።

«ምን በደለ?» ካቻቪቴያቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ይሄስ ልጅ ምን በደለ?»

እህቴ አቀረቀረች። ከዚያ ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ጎረቤቱም ሞገዱን የሚያስተካክል ማጣሪያ አስገባ፤ ሞተሩ ይኸው እየዞረ ነው።

ባለፈው ሳምንት የቤቴ ውሃ ፓምፕ ያቃስታል ብዬ ጠራኋቸው። ብዙ አዳመጡት።

«ጤነኛ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ናፍቀውኝ ነው» አልኳቸው።

ሳቁና እጀታውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ጫፉን ቀስ አድርገው ደረቴ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄም ጤነኛ ነው» አሉ፤ «ሰው ርቦት ነው።»